የተበሳው ድስት

ሰፈሩ «ድፈነው» ይለዋል። ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ የሚያፈስ ባልዲ፣ የሚንጠባጠብ ጣሪያ፣ የዛገ ጆግ፣ ብቻ አምጡለት ይደፍነዋል። እሱን ያቃተውን ሚስቱ ወደ ጓሮ ትወስደዋለች። እዚያማ ምን የሌለ አለ! እጀታው በወለቀ መጥበሻ በሶብላ፣ በተቀደደ ቡትስ ጫማ ቃሪያ፣ ልጆቿን ባጠበችበት ሳፋ ሰላጣ! ሕጓ አንድ ነው፦ «የሚያፈስ ለጓሮ፣ የማያፈስ ለጓዳ።»

ታመመች፤ አልጋ ያዘች። ሐኪሙ ባልየውን ወደ ኮሪደር ጠርቶ «ወደ ቤት ይውሰዷቸው፤ ከእንግዲህ እኛ የምናደርግላቸው የለም» አለው። ለማንም ትንፍሽ ሳይል መለሳት። እሷ የጀመረችው የቲማቲም ችግኝ ጣሳው ጠቦት ነበር። ጓዳ ገባ፤ ደህናውን ትልቅ ድስት አወጣና ቂጡን በምስማር በሳስቶ ችግኙን ጓሮ ተከለበት። ማን ሊሠራበት ብሎ!

በማግስቱ እኔ ጎረቤቷ ልጠይቃት ሄጄ፣ ትራስ አስደግፌ ቀና ሳደርጋት በመስኮቱ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ድስቴ አይደለም?»

«እ... ማፍሰስ ጀምሮ ነው፣ አንቺዬ።»

«አንተ እያለህ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ሩቅ አልሄደም። «በል ደፍነህ አምጣልኝ። ስነሣ እሠራበታለሁ።»

ችግኙን መንግሎ፣ አፈሩን ገልብጦ ሲቀጠቅጥ ዋለ።

«ስሚው እስቲ» አለችኝ፣ «ይሄ ሰውዬ መቃብርም ቢወርድ መዶሻውን አይለቅም።»

አመሻሽ ላይ ድስቱን ውሃ ሞልቶ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። መዳፏን ከሥሩ ዘረጋች።

ጠብ። ደግሞ ጠብ።

ዕድሜ ልኩን ሲደፍን የኖረ ሰው! አንዷ ቀዳዳ አምልጣው ነበር።

«በምስማር ነው የበሳኸው?»

ጎንበስ ብሎ ድስቱን መሬት አስቀመጠ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

መዳፏን በብርድ ልብሱ አደረቀች።

«ችግኙስ?»

«ነቀልኩት።»

«ወይ አንተ! ለእኔም ለእሱም ሳትሆን ቀረህ። ሂድ፣ ሳይሞት መልሰው።»

ሮጦ ወጣ። ችግኙ ፀሐይ ላይ ውሎ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሷል። እንደዚያም ሆኖ ድስቱን መልሶ በሳሳና ተከለው። እሷ እስኪጨልም በመስኮት አየችው። ከዚያ ወዲያ ስለ መነሣት አንድ ቃል አልወጣትም።

የቀብሯ ዕለት ሰዉ በዛና ለለቀስተኛው ምግብ የሚበቃ ድስት ጠፋ።

«የእሷ ትልቁ የት አለ?» አለች አንዷ ከጓዳ።

ድፈነው ቀና ሳይል በእጁ ወደ ጓሮ አመለከተ። የደረቀው ችግኝ እንደ እንጨት ቆሞበታል።