ሞረዱ የነከሰው ብረት

ትናንት ሻንቶ ከባጃጅ ስወርድ፣ የጋለ ብረት ዘይት ውስጥ ሲነከር የሚወጣው ሽታ ከአንድ ጋራዥ መጣብኝ። እዚያው ቆምኩ።

የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። የአባቴ እናት ቢጠና ከተማ እያጣጣረች ነው የሚል መልእክት ሶዶ ሲደርሰን፣ የአባቴ አሮጌ ሞተር ሳይክል ግቢያችን ውስጥ ተፈታትቶ ነበር። መኪና የሚገኘው በማግስቱ ነው። አባቴ የተበላውን ካምሻፍት፣ የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ በብየዳ ሞላው፤ አስተካክሎና አግሎ ዘይት ውስጥ ነከረው። እሱ ለካምሻፍቱ የሚስማማ ኩሽኔታ ሲመርጥ፣ ሞረዱን ለእኔ ሰጠኝ።

«ከጎኑ አንዴ ሞርጂው፣ ልጄ። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንክሯል። ከነከሰው ግን ገና ለስላሳ ነው፤ መንገድ ላይ ይጥለናል።»

ሞረድኩት። ነከሰው። ቀና ስል የአባቴ ዓይን እንባ አቅርሯል።

«ተንሸራተተ፣ አባዬ» አልኩት።

ካምሻፍቱን ገጥሞ ሲጨርስ ከኋላው ተፈናጠጥኩና ወጣን። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። በእግራችን ቢጠና ስንገባ የለቅሶው ድምፅ ከሩቅ ተቀበለን።

አባቴ ስለዚያ ሞረድ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እሱም ካረፈ በኋላ ዕቃውን ሳነሳሳ፣ ካምሻፍቱን በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። የእኔ ጭረት ከጎኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያን ዕለት ሲገጥመው ጭረቱን አላየውም ይሆን?

ጋራዡ ውስጥ አንዱ ሌላውን «ነከሰው ወይስ ተንሸራተተ?» ብሎ ጠየቀው። መልሱን ሳልሰማ መንገዴን ቀጠልኩ።