የዓርብ ፓንኬክ

ያኔ የተቆጣሁት ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። የምቆጣው ሰው ብቻ ነው የተለወጠው።

ጉልበቴን ኦፕራሲዮን ተደርጌ ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ፣ ልጄ ሃግሴትራ ካለው ቤቴ አንስቶ ኡፕላንድስ ቬስቢ እሱ ዘንድ ወሰደኝ። ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሚስቱ ጃፓናዊት ናት። የምንግባባው በስዊድንኛ ነው፤ የእሷም የእኔም ስብርብር ያለ። ክፉ ቃል ወጥቷት አያውቅም፤ ልቤ ግን አልተቀበላትም። ይህቺ ሴት ልጄን ከነሃይማኖቱ ትወስደዋለች ብዬ ደምድሜ ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት ፌስታል ሙሉ ሣር ይዛ ገባች። ሣር ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ከፔንደልቶጉ ባቡር ሐዲድ አጠገብ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እግሩን ከሚያነሳበት መንገድ ዳር የለቀመችው። ዮሞጊ ይባላል አለችኝ፤ አገሯ በጸደይ ለጋውን ቀጥፈው ይበሉታል፣ እዚህ ደግሞ ዘመዱ በየመንገዱ በቅሎ የሚነካው የለም። ሦስቴ አጠበችው፣ በሶዳ ቀቀለችው፣ ጨምቃ ከተከተችውና እንቁላልና ወተት ያለበት ሊጥ ውስጥ ጨመረችው። ቤቱ አሪቲ አሪቲ ሸተተ። አሪቲ ይሸተታል እንጂ ማን በላው? አረንጓዴውን ፓንኬክ ቅቤ ቀብታ በሁለት እጇ ስታቀርብልኝ ደሜ ፈላ።

«ዓርብ ነው» አልኩ። «ጾም ነው።»

ውሸቴን ነው። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን ረቡዕም ዓርብም ይበላል፤ እንዲያውም መጾሙ ነው የማይፈቀደው። ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው የለም ብዬ የልጄን ዓይን ፈራሁ። እሱ ግን ለሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ቀና ብሎም አላየኝ። በስዊድንኛ «እማዬ ዓርብ ዓርብ ትጾማለች፣ አንሺው» አላት። ፊቷ ቀልቶ ይቅርታ እየጠየቀች ሳህኑን አነሳች።

ከዚያ ወዲያ ውሸቴ ራሴን አሰረኝ። ያን ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆዴ እየጮኸ ዋልኩ፣ ረቡዕም እንደዚያው፤ ያውም በሃምሳው ቀን! እግዜርን እንኳ አላፈርኩም። ያስራበችኝ እሷ ይመስል በእሷ ነበር የምቃጠለው።

በሚቀጥለው ዓርብ ልክ በዘጠኝ ሰዓት ያንኑ አረንጓዴ ፓንኬክ ይዛ መጣች። ልጮህ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«እንቁላል የለበትም። ወተትም ቅቤም የለበትም። በዘይት ነው የጋገርኩት፣ ሁለቴ ተበላሽቶብኝ ነበር።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የቤተ ክርስቲያናችሁን የጾም ካላንደር አነበብኩ። አሁን ጾም የለም ይላል። ግን የራስዎ ምክንያት ይኖርዎታል ብዬ ነው» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ልጄን በየእሑዱ እጁን ይዤ አስቀድሻለሁ፤ መቼ እንደሚጾም፣ መቼ እንደሚፈሰክ ግን አንድ ቀን አስቀምጬ አልነገርኩትም። ፈረቃ ነበረብኝ፣ ይደክመኝ ነበር፤ ምክንያት አላጣም። በልጅነቱ ሲጠይቀኝ «ዝም ብለህ ጹም» እለው ነበር። ዝም አለ፣ ጾሙንም ተወው። ቁጣዬ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

«እንቁላል አለ?» አልኳት።

ትንሽ አየችኝና ገባት። ሌላ ሊጥ በጠበጠች፣ ሁለት እንቁላል ሰበረችበት፣ የተረፈውን ዮሞጊ ጨመረችበት፣ ቅቤውን ከፍሪጅ አወጣች። መረር ይላል፤ ግን ይጣፍጣል። ሁለተኛውን ስጎርስ ልጄ ከሥራ ገባ።

«እማዬ! ዓርብ እኮ ነው!» አለ ደንግጦ።

አፌ ሙሉ ነበር። ስለ ሃምሳው ቀን የነገረችው ሚስቱ ናት።