ስኳሬና የአክስቴ ዘብ

«ደብቀሽ እየበላሽ ነው እንጂ ስኳር ዝም ብሎ እንዲህ አይወጣም» አለችኝ ባለፈው ሳምንት የክሊኒኩ ነርስ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ፊት ለፊቴ። ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ መገጣጠሚያው ላይ የሕመም መርፌ ከተወጋሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። መቆጣት ሲገባኝ ሳቄ አመለጠኝ። ይህንኑ ክስ ድሮ ናይሮቢ ላይ፣ ከዚህች ነርስ እጅግ ከምትብስ ሴት ሰምቼዋለሁና።

ያቺ ሴት አክስቴ ወርቅነሽ ናት። ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ ያለው ምግብ ቤት ነበራት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ እሷ ጋ መጥቼ አስተናጋጅ ሆንኩ። ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ኢንሱሊን ስለምወጋ፣ አክስቴ ሻንጣዬን ስትቀበል ስኳሬንም አብራ ተረከበች። ኢንሱሊኔ በምግብ ቤቱ ፍሪጅ ከቅቤው አጠገብ ይቀመጣል፤ መለኪያውን የምታነበው እሷ ናት፤ መርፌውን የምትሞላው እሷ ናት። እኔ ደግሞ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ የማልችል፣ ያሰብኩትን ሳልናገር የማላድር ልጅ ነበርኩ። ጓደኛዬ ሊዲያ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ካሳራኒ ቤት ተከራይታ አብረን እንኑር ስትለኝ፣ የኮምፒውተር ትምህርትም ጀምሬ ራሴን ልቻል አልኩ። የምገባበት ቀን ተቆረጠ፤ እሑድ።

አክስቴ እንቢ አላለችም። «ስኳርሽን ከያዝሽ ትሄጃለሽ። ካልያዝሽ ግን የምትሄጂው ካሳራኒ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው፤ እናትሽ ጋ» አለችኝ።

ሐምሌ ነበር። በሐምሌ ናይሮቢ ትበርዳለች፤ ዝናቡም በቅጡ አይዘንብም፣ ሰማዩ ብቻ የዕቃ እጣቢ መስሎ ይውላል። ብርዱና የወጥ ቤቱ የከሰል ጭስ ተባብረው አስሜን ቀሰቀሱት። ልሄድ ስምንት ቀን ሲቀረኝ አንድ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩና ለሳምንት የሚሆን ክኒን አዘዘልኝ፤ ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ ስድስት ስድስት ፍሬ። ስኳር እንዳለብኝ አልነገርኩትም። ረሳሁ ብል ውሸት ነው፤ ስኳር ሲነሳ የሚከተለው ምክርና ወቀሳ ስለሚያሰለቸኝ ዝም አልኩ።

ክኒኑንም አክስቴ ተረከበችው። «አፍሽን ክፈቺ» ትልና በመዳፏ ታቅመኛለች። በሁለተኛው ቀን ትንፋሼ ተለቀቀ፤ ደረጃውን እየሮጥኩ መውጣት ጀመርኩ። ስኳሬም እንደዚሁ ወጣ። በናይሮቢው መለኪያ ከአሥር ማለፍ የለበትም፤ ጠዋት ሰባት፣ ከሰዓት በኋላ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ስምንት፣ ከሰዓት በኋላ ሃያ አንድ።

አክስቴ የስኳሩን ቆርቆሮና የማሩን ማሰሮ ቆለፈችባቸው። ከበሩ ፊት ለፊት ማንዳዚ የሚሉትን ጣፋጭ የሊጥ ጥብስ የምትሸጠውን ማማ ንጄሪን ሄዳ መረመረቻት፤ ሴትዮዋ እጇ ሊጥ እንደሆነ ማለች፣ ለዚህች ልጅ አንድም አልሸጥኩም አለች። ይሄ አልበቃ ብሎ ማንም እንዳያጎርሰኝ ለደንበኞች ታወጀ። ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ የሚሉት አቶ ግርማ፣ ጉርሻውን አየር ላይ እንደያዙ አክስቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ለራሳቸው ጎረሱት።

ይሄኔ ነው የመረረኝ። «ነገ ቀኑን ሙሉ ከአጠገብሽ አልነሳም። አንቺ ከሰጠሽኝ ሌላ ምንም አልቀምስም። ስኳሩ ያኔም ከወጣ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ» አልኳት።

ረቡዕ ዘብ ቆመችልኝ። ቁርሴን ግማሽ እንጀራ በሽሮ ሰጠችኝ፣ ክኒኔን አቃመችኝ፣ ከጎኗ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሽንት ቤት ስሄድ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ምሳ ምስርና ሱኩማ ጎመን በላሁ። አሥር ሰዓት ላይ ለካችኝ፤ ሃያ። ጣቴን ራሷ በሳሙና አጥባ ደግማ ለካችኝ፤ ሃያ። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምን በላሽ?»

«ያበላሽኝን።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ አንቺው ያቃምሽኝ ክኒን ነው።»

አክስቴ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ከዚያ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ታክሲ አስጠራች።

የስኳር ሐኪሜ ክኒኑን ስታይ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ይሄ መድኃኒት ደረትን ይከፍታል፣ ስኳርን ግን ከፍ ያደርጋል፣ ለመገጣጠሚያ በመርፌ ሲሰጥም እንዲሁ ነው አለችን፤ ጠዋት ስለሚወሰድ ጉዱ የሚታየው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሌሊት ይበርዳል። ክኒኑ በመሃል አይቋረጥም፤ የቀትሩን ኢንሱሊን በዚህን ያህል ጨምሩ፣ ክኒኑ ሲያልቅ ግን መልሳችሁ ቀንሱ፣ አለበለዚያ ስኳሩ ወርዶ ይጥላታል ብላ ጻፈችልን። ቀጥላ ለሳንባው ሐኪም ለምን እንዳልነገርኩ ጠየቀችኝ። ወለሉን አየሁ።

አክስቴ በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ «እንግዲህ ይቅርታ የሚጠይቀው ማነው?» አለች።

ሁለታችንም ሳንጠይቅ ወጣን። ሰው የስኳር ቁጥርን የጠባይ ምስክር ወረቀት አድርጎ ያነበዋል፤ ከፍ ካለ ሆዳም ነሽ፣ ዝቅ ካለ ግዴለሽ። እኔም ያንን ፍርድ ስለፈራሁ ነው ለሐኪሙ የደበቅኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም መድኃኒት ሊያዝልኝ ብዕር ሲያነሳ አፌ ይቀድመዋል።

ክኒኑ ዓርብ አለቀ። ቅዳሜ ከምሳ በፊት አክስቴ የተጨመረውን መጠን በመርፌው ሞልታ መጣች፤ አዲስ አማኝ ሆናለች፣ ሐኪሟ የጻፈችው አይነካም ባይ። እጇን ያዝኩት።

«አክስቴ፣ ዛሬ ክኒን አልወሰድኩም። ይሄን ከወጋሽኝ ማታ አታገኚኝም። ወደ ድሮው መጠኔ ነው የምመለሰው፤ እሱንም በየሰዓቱ እየለካሁ።»

መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መርፌውን ባዶ አደረገችና በእጄ ሰጠችኝ። ራሴ ሞላሁ፣ ራሴ ወጋሁ። አሥር ሰዓት ላይ ስምንት ነበርኩ። አክስቴ ቁጥሩን አይታ ኢንሱሊኔን የሚይዝ ቴርሞስ ልትፈልግ ጓዳ ገባች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዋን እንዳደረገች እስከ ማታቱው፣ እስከ ሚኒባስ ታክሲው ድረስ ሸኘችኝ።

«ሲከብድሽ ደውዪ» አለችኝ።

«ሳይከብደኝም እደውላለሁ» አልኳት።

ማታቱው ጡሩምባውን ነፋ። ቴርሞሱን አቅፌ ገባሁ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፣ ወደ ካሳራኒ ሄድኩ።