ስም ያልወጣለት ገጽ

በወንድሜ በደርቤ ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይለዋል። ሐሰት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ደርቤ መጀመሪያ በቅሎ ጫኝ ነበር። በስሜን ተራሮች ከደባርቅ እስከ ጨነቅ የቱሪስት ጓዝ ሲያመላልስ ኖሮ፣ ጉልበቱን ሲያመው ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ኮምፒውተር መጠገን ጀመረ። ሙያውን ከየት እንዳመጣው ለሚጠይቁት «ከበቅሎ» ይል ነበር። «እሷም አልሄድም ስትል ምክንያት አላት።»

የቀረውን እኔ እህቱ ላሟላ።

በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የኔታ ወልደ ሩፋኤል ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው መጡ። የኔታ ደረስጌ የተማሩ የቅኔ መምህር ናቸው። የመምህራቸውን የሀብተ ሚካኤልን ቅኔዎች በቃላቸው ይዘዋል፤ ሌላ የያዘ ሰው በሕይወት የለም። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕሩን ትተው፣ ልጃቸው አልጣሽ በገዛችው ላፕቶፕ አንድ አንድ ፊደል እየነኩ ይጽፉ ነበር። ባትሪው ደክሟል፤ መብራት ሲሄድ ጥቂት ደቂቃ ታግሦ ጥፍት ይላል። ሁለት ጊዜ የጻፉት ሁሉ አብሮ ጠፍቶባቸዋል።

«አሁንስ ከጠፋ አልመልሰውም» አሉ። «አንዳንዱ ስንኝ ከወዲሁ እየሸሸኝ ነው።»

«ሴቭ አያደርጉትም እንዴ፣ የኔታ?» አለ ደርቤ።

«ስም ስጠው ይለኛላ!»

«ታዲያ አይሰጡትም?»

«ላላለቀ ነገር! ክርስትና ሳይነሳ ስም የወጣለት ልጅ አይተሃል?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ሙከራ» ብሎ በጎን ያስቀምጥላቸው ነበር። እኔም ይህንኑ መከርኩት። «በሰው ልጅ ላይ እኔ ስም ላውጣ?» ብሎ ተቆጣኝ።

ያገኘው መፍትሔ ሃይበርኔት የሚሉት ነው። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኮምፒውተሩ የተከፈተውን ሁሉ እንዳለ ሃርድ ዲስኩ ላይ አውርዶ ይተኛል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይነሳል። ለዚህ ማውረጃ የሚሆን ፓርቲሽን፣ ማለትም ከዲስኩ የተከለለ ቦታ፣ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ግን ሲነሳ አንዱ ብቻ የሚመረጥ ሦስት ሲስተም ነበረው፦ ዊንዶውስ፣ የኔታ የሚጽፉበት ሊኑክስ፣ አልጣሽ የምትማርበት ሌላ ሊኑክስ። ዊንዶውስ ማውረጃው ከራሱ ጋር ነው። ለሁለቱ ሊኑክሶች ደርቤ እንደ በቅሎ ጫኝ አሰበ። ጨነቅ ላይ ጓዝ የሚወርድበት ሜዳ አንድ ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ያወርድበታል። ስለዚህ አንድ ፓርቲሽን ለሁለቱ ከለለ። ሞከረው፤ ሠራ። የኔታ መርቀውት ሄዱ።

በሳምንቱ ደርቤ የድሮ ባልደረባውን ያርጋልን ሊጠይቅ ጫኞች ወደሚያድሩበት ቡይት ራስ ወጣ። ያርጋል ጓዙን አውርዶ በቅሎዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ሄዶ ነበር። አንድ አዲስ ጫኝ መጣና ሜዳው ላይ ሰው ሲያጣ የራሱን እዚያው አራገፈ። ያርጋል ሲመለስ የሰውየው ድንኳን የእሱ እንቁላል ላይ ተቀምጧል።

«አንተ! ውሃ ላጠጣ ሄድኩ እንጂ ደህና ሁኑ ብዬ ሄድኩ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደርቤ ግን ብድግ አለ። የኔታ ገጽ ተኝቶ ሳለ አልጣሽ የራሷን ብትከፍት፣ የእሷ ሊኑክስ ሜዳውን ባዶ ነው ብሎ የእሳቸውን ጓዝ ያጠፋዋል። ስልክ ሞከረ፤ ኔትወርክ የለም። ገብስ የጫነ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥሎ ደባርቅ ወረደ።

የኔታ ቤት ሲደርስ መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ነው። አልጣሽ ላፕቶፑን አስነስታለች፤ የሦስቱ ሲስተሞች ስም ስክሪኑ ላይ ተደርድሯል፤ የራሷን ልትመርጥ ነው።

«የአባትሽን! የአባትሽን ክፈቺ!»

«ውይ ጋሼ ደርቤ! ነፍሴን አወጣኸው እኮ! ምን ተቃጠለ?»

የአባቷን ከፈተች። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቆየ፣ ቆየ። ከዚያ ገጹ መጣ፤ ግማሽ ላይ የቆመው ስንኝም እንደቆመ። ደርቤ መደቡ ላይ ዘፍ አለ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ። እርስዎን አስተኝቼ አልጋውን ለልጅዎ አከራይቼው ነበር።»

«እኔ ብሆን ጠጋ እልላት ነበር» አሉ የኔታ እየሳቁ። «ቅኔው ነው ጠጋ የማይል።»

ያኔውኑ ለአልጣሽ ሊኑክስ ለብቻው ማውረጃ ከለለለት።

ቅኔው ሚያዝያ ላይ አለቀ። የኔታ ደርቤን ክርስትና አባት ብለው ጠሩት፤ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ሄደ። «ወንድ ነው ሴት? ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ትቆየን» ቢላቸው «ዝም ብለህ ተጫን!» አሉት። «ዝክረ ሀብተ ሚካኤል» የሚለውን ስም የጻፈው የደርቤ ጣት ነው። የቀብሩ ጽሑፍ ይህንንም አይልም።

ደርቤ በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዐረፈ። ባለፈው እሑድ የኔታን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ስለ እሱ የጀመሩት ቅኔ አለ፤ አልሞላ ብሏቸዋል። መብራት ሲሄድ በቦታው ይተኛል፤ ሲመጣ አልጣሽ መጀመሪያ የአባቷን ትከፍታለች።

«ስሙ ማን ሊባል ነው?» አልኳቸው።

«ይለቅ እንጂ» አሉኝ። «ሲያልቅ አንቺን ነው የምጠራው። ጋቢውን ለብሰሽ ነይ።»