የድርቆሹ ሳል

አሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ወይስ ሃምሳ ዘጠኝ? በሱሉልታ ክሊኒክ ድሬሰር የነበረችው ሸዋነሽ ዓመቱን ትጠራጠራለች፤ ሳል አላስተኛ ብሏቸው የመጡትን ሽማግሌ ግን አትረሳም። «ቤትዎ ውስጥ የሚያስልዎትን ነገር ይለዩ» ብትላቸው፣ ሽማግሌው ተጠርጣሪዎቹን ተሸክመው መጡ፤ አንድ እቅፍ ድርቆሽና በጋቢያቸው የተጠቀለለች ቀይ ዶሮ።

ድርቆሹን አሸተቱ፤ ሳል የለም። ዶሮዋን ሲያሸቱ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪንኳኳ ሳሉ።

«ኦቦ፣ ጥፋተኛዋ ተገኘች! እሷ ከቤት ካልወጣች ደረትዎ አይድንም።»

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች!» የዶሮዋን ጆሮ በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ይኼ የድርቆሹ ሳል ነው፤ መንገድ ላይ ዘግይቶ አሁን መድረሱ ነው።»

በዶሮዋ እግር ላይ የሴት ጨሌ ታስሮ ነበር። ሸዋነሽ የሚስታቸው ይሆን ብላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ ሽማግሌው ድርቆሹን ጠረጴዛዋ ላይ ጥለው፣ ዶሮዋን አቅፈው፣ እየሳሉ ወጡ።