በእሱ ኪስ የቀረችው ወረቀት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያን ዘመን የሚያጠኑ ሰዎች የጅዳ ወረቀቶችህን ስጠን እያሉ ይወተውቱኛል። ሁለት ካርቶን ሙሉ አለኝ፤ የስብሰባ ማስታወሻ፣ የደብዳቤ ረቂቅ፣ የስልክ መልእክት። አገር በጦርነት ስትታመስ እዚያ ተመድቤ ነበርና የሚጠቅማቸው ነገር አይጠፋም። እኔ የምፈልጋት ወረቀት ግን ከመሀላቸው የለችም። ያለችው የበታቼ በነበረው ወጣት ዲፕሎማት ቤት ነው፤ በእሱ ደግሞ ድሮም እቀናበት ነበር።

ምኑ አያስቀና! ሙስሊም ስለሆነ መካ እንደ ልቡ ይገባል። እኔ ክርስቲያኑ አብሬው ከጅዳ ተነስቼ መካ መዳረሻ ሹመይሲ ላይ እወርዳለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለእኔ መንገድ የለም። ከአገር የሚባረሩት በሚታሰሩበት ግቢ የጉዞ ሰነድ ስሞላ እውላለሁ። ታሳሪዎቹም ቢሆኑ ዓይናቸው በር በሩን ነው። "ያ ወንድማችን ዛሬ አይመጣም?" ይሉኛል። አሠሪዋ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ የቀማት የወሎ ልጅ ለእኔ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትውልና፣ እሱ "አብሽሪ እህቴ" ሲላት ታሪኳን ከነእንባዋ ትዘረግፈዋለች።

በዚያ መሀል የእናቴ ከተማ ስልክ ተቋረጠ። ትኑር ትሙት የሚነግረኝ ጠፋ። ለዑምራ የሚመጡ የአገሬ ሰዎች መካ ጀርወል ሰፈር እንደሚያርፉ ስለማውቅ፣ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ "እባክህ ጠይቅልኝ" አልኩት። እሱም የሆቴሉን ደጅ ሁሉ ሲያስስ ሰንብቶ አንዲት ጎረቤታችንን አገኛት። ወዲያው ደወለልኝ፤ የእኔ ስልክ ግን እንደ ደንቡ ሹመይሲ በር ላይ ተቀምጧል። ደጋግሞ ሞከረ። የሴትየዋ አውቶቡስ ወደ መዲና ሊነሳ ሲል እናቴ በእሷ በኩል የላከችልኝን ቃል በሆቴል ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈው።

ሊወስደኝ ሲመጣ መኪና ውስጥ አነበበልኝ። "ደህና ናት በይልኝ። ቤቱም አልተነካም። ሲተኛ ጆሮውን ይሸፍን፤ ብርድ አይስማማውም።"

በልጅነቴ ጆሮዬን ያመኝ እንደነበር ከእናቴና ከእኔ በቀር ማን ያውቅ ነበር? አሁን እሱም አወቀ። በደስታ አለቀስኩ፤ የእናቴ ቃል ቀድሞ በእሱ ጆሮ መግባቱ ግን ከነከነኝ። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት። ስጠኝ ማለት አፈርኩ።

የከተማዋ ስልክ ሲከፈት እናቴ በሕይወት አልነበረችም። የመጨረሻ ቃሏ ያው ሆነ።

ባለፈው ሰሞን ካርቶኖቼን ሳገላብጥ አላስችል ብሎኝ ያቺ ወረቀት አለች ወይ ብዬ ደወልኩለት።

"አለች፣ ጋሼ። ፎቶ አንስቼ ልላክልዎት?"

"ፎቶ ምን ያደርግልኛል? እናቴ እኮ ናት! ወረቀቷን ነው የምፈልገው" አልኩት በቁጣ።

"የእኔም እናት እዚያው ከተማ ነበረች። ያን ቀን ሴትየዋን መጀመሪያ የጠየቅኋት ስለ እሷ ነው። 'አላህ ይርሐማት፣ ቀብረናታል' አለችኝ። ቀጥዬ የእርስዎን ጠየቅኋት። ደህና ናት ስትለኝ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ቀናሁብዎት። አሁንም ሲከፋኝ አወጣና አነባታለሁ፤ የእኔዋ የላከችልኝ አስመስዬ።"

"እንግዲያው ፎቶውን ላክልኝ" አልኩት።