ሞተሮቹ ሁሉ ዝም ያሉበት ዓመት

ሰውየውን ጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ባለመኪናውም፣ በያጁም፣ ማዶ ያለው የመለዋወጫ ነጋዴም «ጋሽ ዝምበሉ» ነው የሚሉት። የሞተር ድምፅ ሊያዳምጥ ሲል ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሮው ላይ ይደግናል፤ ከዚያ ግቢው እስኪናወጥ «ዝም በሉ!» ብሎ ይጮኻል። በቃ፣ ሥራ ቆመ ማለት ነው። መዶሻ አየር ላይ ይቀራል፣ የብየዳ እሳት ይጠፋል፣ ሳል የያዘው ሰው እንኳ አፉን በእጁ አፍኖ ወደ በሩ ይሮጣል። አንድ ቀን ነገሩን የማያውቅ ደንበኛ ስልክ አንስቶ «ሃሎ» ቢል፣ ከነወንበሩ ተሸክመው አጥር ውጭ አስቀምጠውታል።

ፍቅሩ አሮጌ የአውሮፓ መኪና ነው። ፍቅር ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ፔጆ አራት መቶ አራት በበሩ ስትገባ ፊቱ ላይ የሚታየው ፈገግታ ልጁን በዳረ ቀን እንኳ አልታየም። ትንሿን ፊያት «ሚጢጢዬ» ይላታል፣ አሮጌውን መርሴዲስ ደግሞ «አባባ»። አዲስ መኪና ሲያመጡለት ኮፈኑን ከፍቶ፣ በፕላስቲክ የተከደነውን ሞተር ትንሽ ታዝቦት፣ «ይሄማ ክዳን ያለው ድስት ነው፤ ኮምፒውተር ላላቸው ውሰዱላቸው» ብሎ ይዘጋዋል። ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እሱ ግን የምሩን ነው።

የእነዚህ አሮጌ ሞተሮች ቫልቭ ሲላላ ቀጭን ድምፅ ያወጣል፤ ጣ ጣ ጣ። ሌላው ሜካኒክ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ምላጭ የመሰለች ስስ የብረት መለኪያ እያስገባ ክፍተቱን ያስተካክላል። ጋሽ ዝምበሉ ግን መለኪያ መንካትን እንደ ውርደት ነው የሚቆጥረው። ሞተሩ እየሠራ፣ በጆሮው ብቻ፣ ያቺ ጣ ጣ እስክትጠፋ ድረስ የቫልቩን ማስተካከያ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ ያዞራል። ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ግን የሱ እጅ ያረፈበት ሞተር ከሩቅ ይታወቃል።

እንግዲህ አምና ክረምት ላይ ጉድ ተፈጠረ። ሞተሮቹ ሁሉ ያምሩለት ጀመር። ብሎኗን አንዴ ነካ ሲያደርጋት ጣ ጣ የምትባል ነገር ድራሿ ይጠፋል። የግማሽ ቀኑ ሥራ በሩብ ሰዓት ያልቅ ጀመር። «እጅ ማለት ይሄ ነው! የሚበስለው ከስልሳ ዓመት በኋላ ነው» እያለ ይፎክራል። ደንበኞቹም ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ያመሰግኑታል። እሱም አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። አይ ሰው! ደስ የሚለውን ነገር ለማመን መቼ ማስረጃ ይጠይቃል?

አማቹ ብቻ ይህን ፉከራ ሲሰማ አቀርቅሮ ሥራውን ይሠራል። አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የተጨረመተ ላሜራ እየቀጠቀጠ ያቃናል። ሃያ ስምንት ዓመት አብረው ሲሠሩ ከአፉ የወጣው ቃል ተለቅሞ ቢጻፍ ሁለት ገጽ አይሞላም።

ባለፈው ማክሰኞ ጡረታ የወጣችው አዋላጅ ነርስ ፔጆዋን አመጣች። በሥራ ዘመኗ ምጥ የያዛት ሴት ባስጠራቻት ቁጥር የምትበረው በዚህችው መኪና ነበር። ጋሽ ዝምበሉ እንደ ልማዱ ሰዉን ዝም አሰኘ፣ ካቻቢቴውን ደገነ፣ ብሎኑን ነካ ነካ አደረገና «ሐር ሆናለች!» ብሎ ለምሳ ወደ ቤቱ ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ መነጽሩን መርሳቱ ትዝ አለውና ተመለሰ።

ጋራዡ ውስጥ አማቹ ብቻ ነው ያለው። የፔጆዋን ሞተር ክዳን አውርዶ፣ መለኪያዋን ይዞ፣ ቫልቮቹ ላይ አጎንብሷል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

አማቹ ክው አለ። አፉ ሲንቀሳቀስ ታየ እንጂ ምን እንዳለ ለጋሽ ዝምበሉ አልተሰማውም።

«ከኔ እጅ የወጣ መኪና ነው የምትነካው? ሃያ ስምንት ዓመት አብረን በልተን ጠጥተን፣ ስሜን ልታጠፋው?»

አማቹ ሞተሩን አስነሳና ካቻቢቴውን አቀበለው። «ሁለቱ ቫልቮች ይቀራሉ፤ ገና አልነካኋቸውም» አለው፣ አሁን ጮክ ብሎ። «አዳምጥ እስቲ። ቀጭኗ ትሰማሃለች?»

አዳመጠ። ወፍራሙ የሞተር ድምፅ ደህና አድርጎ ይሰማዋል። ሌላ ነገር የለም። «ምን ይሰማኛል፣ ንጹሕ ነው!» አለ በቁጣ።

አማቹ የጋሽ ዝምበሉን ጣት ያዘና ቫልቩን የምትመታዋ ብረት ላይ አሳረፈለት። ጣቱ ሥር ትመታለች። ጣ ጣ ጣ። በጣቱ ያገኛትን ድምፅ ጆሮው ምንም አያውቃትም። ጋሽ ዝምበሉ ያን ጊዜ ነው የገባው። ሞተሮቹ አልነበሩም ያማሩት።

ያገለገለ ጎማ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካምና ክረምት።»

«ስንቱን መኪና?»

«የነካኸውን ሁሉ። ምሳ ስትሄድ።»

«ላሜራ ቀጥቃጭ አይደለህ እንዴ? ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ጋሼ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ዝም በል ስትለኝ ምን የምሠራ መስሎህ ነው? እኔም እኮ አብሬህ እያዳመጥኩ ነበር።»

በዚህ መሃል አዋላጇ መጣች። አማቹ የቀሩትን ሁለቱን አስተካክሎ፣ ክዳኑን መልሶ ሞተሩን ሲያስነሳው እሷም ጆሮዋን ሰጥታ ቆየችና ፈገግ አለች። «ጋሽ ዝምበሉ፣ ዘንድሮ እኮ እጅዎ ሌላ ሆኗል!»

አሜን ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም፤ አማቹ እንደሆነ ሬሳ ነው፣ አይተነፍስም። ግን ሆዱ እምቢ አለው። «እትዬ፣ ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» አለ ወደ አማቹ እያመለከተ። «የሱ ነው። እኔ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። ዛሬ ነው ያወቅሁት።»

በያጁም ከምሳ ተመልሶ ነበርና ሰማ። የሳቀ ሰው የለም። አዋላጇ ጠጋ ብላ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሰው ከኋላዎ ሲጠራዎት ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል መሰለኝ።»

«ይመስለኛል አይበሉ። ቤትዎ ይሂዱና ባለቤትዎን ይጠይቁ።»

ሥራውን ጥሎ ሄደ። ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች። እጁን እንኳ ሳይታጠብ ፊቷ ቆመ።

«አንቺ፣ ከኋላዬ ስትጠሪኝ እሰማሻለሁ?»

የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «ወንድሜ ነገረህ?»

«ታውቂ ነበር እንዴ?»

«እሱ ከነገረኝ ሁለት ወር ሆነ። በሞተሮቹ እንደዚያ ደስ ብሎህ ሳይ ልነግርህ አልጨከንኩም። ከዚያ በፊት ግን የሰለቸሁህ ነበር የመሰለኝ።»

«እኔ? አንቺን?»

«አምና ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ። ዓይን ዓይንህን እያየሁ ለመናገር ፈራሁና ከጓዳ ሆኜ ነገርኩህ። ‹ሐኪም ቤት አብረኸኝ ሂድ› አልኩህ። አንተ እዚህ ተቀምጠህ ጫማህን ትወለውላለህ። ዝም አልክ። ደግሜ አልኩህ። ዝም። ብቻዬን ሄድኩ።»

«ምን አሉሽ?»

«ስብ ነው፣ አታስቢ አሉኝ። ደህና ነኝ። ግን መልሱን የጠበቅኩበትን ሳምንት እኔ ነኝ የማውቀው። አንተ በየቀኑ እየገባህ ስለ ሚጢጢዬ ካርቡራተር ታወራኝ ነበር።»

ሰውየው ያለቀሰው እዚህ ላይ ነው። ለጆሮው አላለቀሰም፣ ለስሙም አላለቀሰም። በርጩማ ስቦ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ድረስ ጠጋ አለና፣ «እንደገና ንገሪኝ» አላት። «ያን ቀን እንዳልሽው አድርገሽ፣ ከመጀመሪያው።»

እብጠቱን ካገኘችበት ጠዋት ጀምራ ነገረችው፤ እሱም አንዲት ቃል እንዳታመልጠው ዓይኑን ከከንፈሯ አልነቀለም። «አብረኸኝ ሂድ» ካለችው ቦታ ስትደርስ እጇን ያዘ።

«እሄዳለሁ» አለ። «አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሚስቱም የትም የምትሄድበት ሳይኖራት «እሺ» አለችው፣ ዓይኗንም በእጅጌዋ ጠረገች።